ርቀቱን ስትሸጡልን፦ ለገጠር የዕረፍት ቪላ ባለቤቶችና ለአገናኝ ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለገጠር የዕረፍት ቪላ ባለቤቶች
ቪላዎቹን በኢንተርኔት ለሚያከራዩ አገናኝ ድርጅቶች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከሰው ርቀው፣ ለባሕር ቀርበው የሚገኙ የኪራይ ቪላዎችን ደህንነትና ስለ እነርሱ የሚሰጠውን መረጃ ይመለከታል

የተከበራችሁ ባለቤቶችና ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ልጆቻችንንና በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን ይዘን የገጠር ቪላ የምንከራይ ቤተሰቦች ነን። ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ ውሳኔ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ አገናኝ ድርጅት ስለ መዋኛ ገንዳ አጥር፣ ስለ ጋዝ ማሞቂያና ስለ መውጫ መንገድ የጻፍናቸውን አስተያየቶች ከቤቶቹ ገጽ ላይ አነሳቸው። ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ፣ አስተያየቶቹ ስለ ቆይታው ጥራት የሚናገሩ አይደሉም የሚል ነው። ስለ ፍራሹ ምቾትና ከበረንዳው ስለሚታየው ጀንበር የተጻፉት ግን እንዳሉ ናቸው። ደግመን ጻፍን። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልን።

የድርጅቱን ስም አንጠራም። ነገሩ የአንድ ድርጅት ብቻ ቢሆን ኖሮ በግል ጨርሰነው ነበር። ከተለያየ ቦታ ሆነን ያየነውን ስናወራ ግን የገጠመን ነገር ተመሳሳይ ሆኖ አገኘነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ቤቱ ከሰው የራቀ መሆኑን እናውቃለን። የምንከራየውም ለዚያ ነው። የመኪና ድምፅ በሌለበት መንቃት፣ ልጆች ሜዳ ላይ ሲሮጡ ማየት፣ ሲያሻን ደግሞ ወርዶ ባሕር መዋኘት፣ ይህን ፈልገን ነው ዓመት ሙሉ የምንቆጥበው። ነገር ግን ከሰው የራቀ ቤት ከሐኪምም የራቀ ነው። ከእሳት አደጋ መኪናና ከጎረቤትም የራቀ ነው። ከተማ መሃል ያለ ሆቴል ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ሠራተኛ አለው። የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት አለው። የሚፈትሸው የመንግሥት አካልም አለው። ቪላው ከእነዚህ ብዙውን ጊዜ አንዱም የለውም። ስለዚህ ርቀቱን የሚሸጥ ሰው ከሆቴሉ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት እንላለን። እየሆነ ያለው ተቃራኒው ነው።

ከአድራሻ እንጀምር፤ ይህን ማንም ሰው ዛሬውኑ ሊያስተካክለው ይችላልና።

ከእኛ አንዷ እናቷን ይዛ ኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ተከራየች። ቤቱ በእርግጥ ያምራል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ የድንጋይ ደረጃ አለ። ደረጃው መብራት የለውም፤ መደገፊያም የለውም። ማታ ላይ እናቷ እዚያ ደረጃ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተጎዳ፤ መነሳት አቃታቸው። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስልኩ ምልክት የሚያሳየው ግቢው ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ሲቆሙ ብቻ ነው። እዚያ ቆማ አምቡላንስ ጠራች። የተጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ናችሁ?» የሚል ነበር። መልስ አልነበራትም። መንገዱ ስም የለውም፤ ቤቱ ቁጥር የለውም። ማስታወቂያው ላይ ያለው የካርታ ምልክት ደግሞ የሚያርፈው ከሸለቆው ማዶ ነው።

ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ የቤቱ መመሪያ አለ። የዋይፋይ ፓስዎርድ በትልቁ ተጽፎበታል። የገንዳ ፎጣ ወደ ባሕር ዳር እንዳይወሰድ ተጽፎበታል። ቆሻሻ የሚወጣበት ቀንም አለ። የቤቱ አድራሻ ግን የለም። አምቡላንሱ በመጨረሻ የደረሰው አንድ ገበሬ በሞተር ሳይክል እየመራ ስላመጣው ነው። ገበሬው በዚያ ሰዓት እዚያ ባያልፍስ?

አገናኝ ድርጅቶች ቦታውን ካርታ ላይ አደብዝዘው የሚያሳዩት የባለቤቱን ግላዊነት ለመጠበቅ እንደሆነ ይገባናል። ገንዘብ እስክንከፍል ድረስ ይሁን። ከከፈልን በኋላ ግን የማደብዘዝ ምክንያቱ አልቋል። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲደረግ ያለንበትን ቦታ በራሳቸው የሚልኩ ስልኮች አሉ፤ አሠራሩ በተዘረጋባቸው አገሮች ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ሆኖም እሱም ኔትወርክ ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ግን ምንም አይፈልግም። የቤቱ የጂፒኤስ ቁጥሮች፣ በቅርብ ያለው መንደር ስም፣ ከዋናው መንገድ የሚታጠፈው የት ጋ እንደሆነ፣ የአገሩ የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት ቦታ። በቃ ይኸው ነው።

ወደ ባሕሩ እንለፍ። ማስታወቂያዎቻችሁ ላይ «ለባሕር 10 ደቂቃ» የሚለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ደርሰንበታል። ብዙ ጊዜ የሚለካው ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ነው። የገጠር መንገድ ደግሞ ኮረብታውን ዞሮ፣ ሸለቆውን ወርዶ፣ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ተሻግሮ ነው የሚሄደው። ርዝመቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከርቀቱ በላይ የሚያሳስበን ግን የምንደርስበት ቦታ ነው። በጣም ቅርብ የተባለው ባሕር ገደል ሆኖ ያገኙት አሉ። አሸዋ ያለበት ሆኖ ነፍስ አድን ጠባቂ የሌለበትም አለ። እንዲህ ባለ ባሕር ዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት ሊኖር ይችላል። ከዚያ ጅረት ለመውጣት ወደ ጎን፣ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ትይዩ መዋኘት እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ሰው፣ ፊት ለፊት ወደ የብስ ሲታገል ጉልበቱ ያልቃል። ባለቤቱ አካባቢውን ያውቀዋል። የትኛው ባሕር ዳር በየትኛው ወር ጠባቂ እንዳለው ያውቃል። ጠባቂ የሚቆምበትን ቦታ የሚያሳየው ቀይና ቢጫ ባንዲራ የት እንደሚተከልም ያውቃል። ይህን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃል።

አሁን ወደሚያስፈራን ነገር። ገንዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300,000 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም። ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ነው። እናት ወጥ ቤት እያለች፣ አባት ዕቃ እያወረደ፣ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነገሩ ያልቃል። በተለይ የመድረሻው ዕለት አደገኛ ነው። ሁሉም ሰው በር እየከፈተ፣ ሻንጣ እየጎተተ፣ ልጁን ሌላው ይዞታል ብሎ ያስባል።

አንድ ቤት ስንደርስ የገንዳው አጥር በር መቀርቀሪያ ተሰብሮ በኤሌክትሪክ ሽቦ ታስሮ ነበር። ሽቦው ቀይ ነው፤ ጫፉ ወጣ ብሎ ይታያል። የ3 ዓመት ልጅ ቀዩን ጫፍ ይዞ ሁለት ጊዜ አዞረውና በሩ ተከፈተ። አባቱ አጠገቡ ስለነበር ነው ዛሬ ይህን በሰላም የምንጽፈው። ማስታወቂያው ላይ «ለልጆች ተስማሚ» የሚል ምልክት አለ። ምልክቱ የተሰጠው በምን ተለክቶ እንደሆነ ስንጠይቅ፣ የሕፃን አልጋና ከፍ ያለ ወንበር ስላለ ነው ተባልን።

ፈረንሳይ ይህን ጉዳይ በሕግ ከያዘችው ቆይታለች። በጃንዋሪ 3 ቀን 2003 የወጣው ሕግ መሬት ውስጥ የተሠራ የግል ገንዳ ከአራት መከላከያዎች ቢያንስ አንዱ እንዲኖረው ያስገድዳል፦ አጥር፣ የማንቂያ ደወል፣ መሸፈኛ ወይም ገንዳውን ሙሉ በሙሉ የሚያለብስ ከለላ። ለወቅት ኪራይ የሚውሉ ቤቶች ይህን እንዲያሟሉ የታዘዙት ከሌሎቹ ነባር ገንዳዎች ቀድመው በ2004 ነው። ሕግ አውጪዎቹ እንግዳ የሚገባበት ቤት ይበልጥ አደገኛ መሆኑ ገብቷቸዋል። እንግዳ ልጅ ገንዳው የት እንደሆነ፣ የት ጋ ጥልቅ እንደሆነ አያውቅም። ሌላ ቦታ ላላችሁ ባለቤቶች ሕጉ እስኪደርስባችሁ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ከገንዳው ቀጥሎ የጋዝ ማሞቂያው ይመጣል። ማሞቂያው በደንብ ሳያቃጥል ሲቀር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው የመንገድ ድካም ነው ብሎ ይተኛል። ሳይነቃም ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የግሪክ ደሴት በሆነችው ኮርፉ፣ ለዕረፍት ከቤተሰባቸው ጋር የሄዱ እህትና ወንድም በተኙበት ባንጋሎ በዚህ ጋዝ ሞተዋል። ጋዙ የመጣው ከግድግዳው ባሻገር ከነበረ የተበላሸ የውሃ ማሞቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዓመት አልፎም፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ተሰቅሎ መስኮቱ በቀለም ተጣብቆ የማይከፈት ቤት ገጥሞናል። ማሞቂያውን ለመጨረሻ ጊዜ ማን ፈተሸው ብለን ብንጠይቅ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ጣሊያን አሁን ለአጭር ጊዜ በሚከራዩ ቤቶች ውስጥ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ መመርመሪያ፣ እንዲሁም የእሳት ማጥፊያ እንዲኖር ታስገድዳለች። መመርመሪያው በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ከአንድ ሌሊት ኪራይ ባነሰ ዋጋ የሚገዛ ነገር ስለሌለ የሰው ሕይወት ሊጠፋ አይገባም።

ስለ እሳት ደግሞ ሁለት ቦታዎችን እናንሳ። በጁላይ 23 ቀን 2018 ከአቴንስ በስተምሥራቅ ባለችው ማቲ የደረሰው ሰደድ እሳት ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ማቲ በጥድ ዛፎች መካከል የተሠሩ ቤቶች ያሉባት የባሕር ዳር መዝናኛ ናት። ባሕሩ ከአጠገባቸው ነበር። ሰዎቹ ግን መውጫ በሌላቸው ጠባብ መንገዶች፣ በግቢ አጥሮችና በገደል ተዘጉ። 26 ሰዎች ውሃው ጋ ለመድረስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀራቸው አንድ ላይ ሞተው ተገኝተዋል። ከዚያ በፊት በጁን 2017 በፖርቱጋል ፔድሮጋው ግራንድ አካባቢ በተነሳው እሳት 66 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት በመኪና ሲሸሹ መንገድ ላይ ነው።

እነዚህን አደጋዎች ያነሳነው ለማስፈራራት አይደለም። የምትሸጡልን ቤት እንደነዚህ ያለ ቤት ስለሆነ ነው። ዛፍ የከበበው፣ አንድ መንገድ ብቻ ያለው፣ ባሕሩ በዓይን የሚታይ። ባሕሩ መታየቱ ባሕሩ ጋ ለመድረስ ዋስትና አይሆንም። የአካባቢው ሰው ሽታውና ነፋሱ ሲቀየር ያውቃል፤ በየትኛው የእርሻ መንገድ እንደሚወጣም ያውቃል። ትናንት ማታ የገባ ተከራይ የመጣበትን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሳቱ በዚያ በኩል ቢመጣስ? ሁለተኛ መውጫ ካለ ንገሩን። ከሌለም ንገሩን፤ ቀድመን እንድንወጣ። በቤቱ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ አስጠርጉ። ፖርቱጋል ገጠር ውስጥ ባለ ቤት ዙሪያ እስከ 50 ሜትር ድረስ እንዲጠረግ በሕግ ትጠይቃለች። አንዳንዶቻችን ያረፍንባቸው ቤቶች ግን ማገዶ የተከመረው ከመኝታ ክፍሉ መስኮት ሥር ነው።

ውሃው ሌላ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤት ቧንቧ ውስጥ ውሃ ይተኛል። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ የተኛ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል። ሻወር ሲከፈት በሚረጨው ጭጋግ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። አረጋውያን ላይ ይበረታል። መከላከያው ቀላል ነው። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቶ ማፍሰስ፣ የሙቅ ውሃ ታንከሩን ከ60 ዲግሪ በላይ ማሞቅ። የሚያደርገው አለ? እኛ የጠየቅናቸው አብዛኞቹ ሰምተውትም አያውቁም።

ብዙዎቹ ቤቶች ውሃ የሚያገኙት ከጉድጓድ ነው። ባሕር ዳር የጉድጓድ ውሃ የራሱ ጠባይ አለው። ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው በላይ ተንሳፍፎ ነው የሚቀመጠው። በመርህ ደረጃ ከባሕር ወለል በላይ ላለ እያንዳንዱ 1 ሜትር ጣፋጭ ውሃ ከታች 40 ሜትር ያህል ይኖራል። ይህ ማለት ከላይ ትንሽ ሲቀነስ ከታች ጨዋማው በብዙ ይወጣል ማለት ነው። 8 በ4 ሜትር የሆነ፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ለመሙላት 48,000 ሊትር ያስፈልጋል። በበጋ መሃል ይህን ያህል ውሃ በአንዴ ከጉድጓዱ ሲሳብ፣ ጨው የሚመጣው በእኛ ቧንቧ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ያለው ገበሬ ጉድጓድም ይበላሻል። እኛ ለዕረፍት መጥተን የሰው እርሻ አድርቀን መሄድ አንፈልግም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ይጠጣ አይጠጣ፣ ገንዳው በምን እንደሚሞላ ቀድሞ ቢነገረን ቤት ስንመርጥ እናስብበት ነበር።

ስለ ገንዘብና ካሜራ ብዙ አንልም። የጽዳት፣ የአገልግሎትና የሌላም ክፍያ መጨረሻ ላይ እየተደመረ ዋጋው ሌላ ይሆናል። አሜሪካ ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ማረፊያዎች ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው እንዲታይ አዛለች። ሌላውም ቦታ ይህ ይቻላል። ቤት ውስጥ የሚተከል ካሜራን አገናኝ ድርጅቱ ኤርቢኤንቢ ከኤፕሪል 2024 መጨረሻ ጀምሮ ጨርሶ ከልክሏል። ሌሎቻችሁም በዚያው ቋንቋ ብትከለክሉት ደስ ይለናል።

አሁን ስለ መልሶቻችሁ። ባለቤቱን ስንጠይቅ «በድርጅቱ በኩል አመልክቱ» ይለናል። ድርጅቱ ደግሞ «እኛ አገናኝ ብቻ ነን፤ ቤቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው» ይላል። አንዱ በአንዱ ሲያላክክ መሃል ላይ የሚቀረው ተከራዩ ነው። ቅሬታ የሚቀርበው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው የሚል ደንብም አለ። ኔትወርክ የሌለበት ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይህ ደንብ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 20 ቀን 2026 ጀምሮ ተግባራዊ የሚሆን የአጭር ጊዜ ኪራይ ደንብ አውጥቷል። በአባል አገሮች የቤት ምዝገባ ባለበት ሁሉ የምዝገባ ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ እንዲታይ ይጠይቃል። መልካም ነው። ቁጥሩ ግን የገንዳው በር ይዘጋ እንደሆነ አይነግረንም።

ይህን ስንጽፍ ጣታችንን የማንቀስርባቸው ሰዎች አሉ። የቤት ጠባቂዎቹ ናቸው። ቁልፍ የሚያስረክቡን፣ ፓምፑ ሲቆም በሌሊት የሚመጡት፣ ያንን ቀይ ሽቦ ያሰሩትም እነሱ ናቸው። ያገኘናት ጠባቂ መቀርቀሪያው መሰበሩን ለባለቤቱ ደጋግማ ነግራለች። አዲስ የምትገዛበት ገንዘብ ግን አልተሰጣትም። ያላትን አደረገች። በአንድ ቅዳሜ ብዙ ቤት ለምታስረክብ ሴት፣ የባለቤትነትን ኃላፊነት ሁሉ በእሷ ላይ መጫን ነውር ነው።

ስለዚህ ባለቤቶችን እንዲህ እንጠይቃለን። ከሚቀጥለው እንግዳ በፊት የቤቱን ትክክለኛ ቦታና የአደጋ ጊዜ ስልክ ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉ። ገንዳችሁን አጥሩ፤ በሩ በራሱ የሚዘጋና ሕፃን የማይደርስበት መቀርቀሪያ ያለው ይሁን። ጋዝ ወይም ምድጃ ባለበት ቤት ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመርመሪያ አስገቡ፤ ማሞቂያውንም በየዓመቱ ባለሙያ ይፈትሸው፤ የፈተሸበት ቀን እዚያው ላይ ይጻፍ። ደረጃዎችን አብሩ። መውጫ መንገዶቹን በቀላል ንድፍ አሳዩን። ለጠባቂዎቻችሁም የደህንነት ዕቃ ሳይጠይቁ የሚጠግኑበት ገንዘብና ሥልጣን ስጡ።

አገናኝ ድርጅቶችን ደግሞ ከሁሉ በፊት ያነሳችሁትን አስተያየት መልሱ እንላለን። ደህንነትን የሚመለከት አስተያየት ለብቻው ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ይኑረው፤ ባለቤቱም ምን እንዳስተካከለ እዚያው ሥር ይጻፍ። ለባሕር ያለው ርቀት በመንገድ ይለካ። «ለልጆች ተስማሚ» የሚለው ምልክት የገንዳው መከላከያ ፎቶ ካልቀረበ አይሰጥ። ክፍያ እንደተፈጸመ ትክክለኛው ቦታ ያለ ኢንተርኔት ሊታይ በሚችል መልክ ይላክልን። የቅሬታው ጊዜ ገደብ ይራዘም። ተከራይ በደህንነት ምክንያት ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ገንዘቡ ሳይቆረጥ ይመለስለት።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ቀጣዩ የዕረፍት ወቅት ከመጀመሩ በፊት ቢደርሰን፣ ቤት የምንመርጠው እሱን አይተን ይሆናል። ለመነጋገር ከፈለጋችሁም በራችን ክፍት ነው፤ ያየናቸውን ቤቶች ፎቶዎችና የጻፍናቸውን አስተያየቶች ቅጂ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ከልጆችና ከአረጋውያን ወላጆች ጋር የገጠር ቪላ የሚከራዩ ቤተሰቦች አስተባባሪ